ጥርኝ ውሃና ሰባ ስምንት ነፍስ ፤ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ስለ መዳንና ስለ ጸሎት ምን ያስተምራል?

ከተአምረ ማርያም ታሪኮች ሁሉ እንደ በላዔ ሰብእ ታሪክ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ ፤ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር ሰባኪው ያነሣዋል ፤ ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት ሳትቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትተርከዋለች። ይሁን እንጂ ታሪኩ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ የሚሰማው ነገር ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን «ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ መጽደቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ብሎ ይሥቃል። ሁለተኛው ወገን ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቈጥሮ ይቈጣል። የሣቀውም የተቈጣውም ግን ጽሑፉን ቀርቦ አልመረመረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን ለማስተባበል ወይም ለማጽደቅ አይደለም። ታሪኩ በእርግጥ ምን እንደሚል ፣ ሕዝቡስ ከታሪኩ ምን እንደወሰደ ፣ በሁለቱ መካከል ያለውም ልዩነት ምን እንደሆነ ለመመልከት ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም ፤ ምክንያቱም በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎች ተሸክመው ይገኛሉ። ይኸውም ሰው በምን ይድናል? ጸሎትስ በዕለት ኑሮ ውስጥ ምን ሥራ አለው? የሚሉት ናቸው።

፩. ስለ መጽሐፉ

ተአምረ ማርያም በአንድ ደራሲ እጅ በአንድ ጊዜ የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። የእመቤታችን ተአምራት ስብስብ በምዕራብ አውሮፓ በ12ኛው ምዕት ዓመት ከተስፋፋ በኋላ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ ፤ ከዐረብኛም ወደ ግዕዝ የገባው በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ በነገሡት በቀዳማዊ ዐፄ ዳዊት ዘመን እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434—1468 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩለት ፤ የእመቤታችን በዓላትም 33 ሆነው እንዲከበሩ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በአገራችን የተፈጸሙ ተብለው የሚተረኩ ብዙ ተአምራት ስለተጨመሩበት ስብስቡ ከመጣበት እጅግ ሰፋ። ስለዚህ አንዱ የብራና ቅጂ ከሌላው በታሪኮቹም ቍጥር በቃላቱም ይለያል። ከውጭ አገር ሊቃውንት እንግሊዛዊው ዎሊስ በጅ በ1900 ትርጕሙን ከነሥዕሎቹ ፣ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ደግሞ በ1943 ሰፊ ጥናቱን አሳትመዋል። በዘመናችንም በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ታሪኮቹን ከየብራናው እየለቀሙ የሚያነጻጽሩ ተመራማሪዎች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ለእመቤታችን ስለሚቀርበው ክብር መጠን ጥያቄ ያነሡት ሚሲዮናውያን ብቻ ይመስሉናል። ነገር ግን በዚያው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ የአገራችን መነኮሳት «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው ለሥዕሏና ለመስቀል አንሰግድም ስላሉ ታላቅ መከራ ተቀብለዋል። ታሪካቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ስለመለሱት ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው ከውጭ የመጣ እንግዳ ሳይሆን በገዛ ቤታችን የተወለደ ነው። ጠያቂውን «ባዕድ» ብሎ ማባረር መልስ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

፪. የታሪኩ አካሄድ

በላዔ ሰብእ ቅምር በምትባል አገር የሚኖር ፣ በስሙ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ፣ ዘመዶቹንና አገልጋዮቹን ጨምሮ 78 ሰዎችን በላ። ከዚያም የሚበላው ሰው ፍለጋ ቀስቱንና የውሃ ዕቃውን ይዞ ወጣ። በመንገድ አንድ ገበሬ አገኘ ፤ ገበሬው ብርቱ ስለሆነ አልቻለውም። ቀጥሎ ሰውነቱ በቍስል የተወረሰ ፣ በውሃ ጥም የሚቃጠል ድኻ አገኘ። ድኻው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ውሃ ቢለምነው ተቈጣ። በመጨረሻ ግን ስለ ማርያም ብሎ ቢለምነው ቆም አለ ፤ የሰማውን ስም እንዲደግምለት ጠየቀው ፤ የእመቤታችን አማላጅነት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማው ነገር እንደነበረ ትዝ አለው። ውሃውንም ሰጠው። ድኻው ግን ጕሮሮውን ከማራስ በቀር አልረካም።

በላዔ ሰብእ ከዚያ በኋላ ወደ ዋሻ ገባ። ስለ ኀጢአቱ እያዘነ ሳይበላና ሳይጠጣ በዚያው ሞተ። መላእክተ ጽልመት ነፍሱን ሊወስዱ ሲሉ እመቤታችን ለመነችለት ፤ ጌታችንም ሥራው በሚዛን እንዲመዘን አዘዘ። በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት ፣ በሌላው ጥርኝ ውሃው ተደረገ። ሥዕሎቹም ሰባክያኑም እንደሚያሳዩት የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ውሃው መዘነ። ሰውየውም ዳነ።

፫. ሦስት ነቀፋዎች

በታሪኩ ላይ የሚቀርቡትን ነቀፋዎች ብናጠቃልላቸው ሦስት ይሆናሉ። የመጀመሪያው «መዳንን ርካሽ ያደርጋል» የሚል ነው። ሁለተኛው «አዳኝነትን ከክርስቶስ ወስዶ ለሌላ ይሰጣል» የሚል ነው። በተለይ ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ይህን ደጋግመን ሰምተነዋል። ሦስተኛው «ጸሎትን እንደ ይለፍ ቃል ያደርገዋል ፤ ስሙን የጠራ ሁሉ በሩ ይከፈትለታል ማለት ነው» የሚል ነው።

ስለ መጀመሪያው ነቀፋ ታሪኩ ራሱ መልስ አለው ፤ መልሱም በአንዲት ትንሽ ነገር ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ድኻው ውሃውን ጠጥቶ አልረካም። ታሪኩን የጻፈው ሰው የበላዔ ሰብእን ሥራ ለማክበር ቢፈልግ ኖሮ ድኻው እስኪጠግብ ጠጣ ፣ ነፍሱም ተመለሰች ብሎ ለመጻፍ ምን ይከለክለው ነበር? ግን እንዲህ አላለም። ምጽዋቱ ጥቂት ብቻ ሳይሆን ጐዶሎም ነበረ። ይህ ማለት ሥራው በራሱ ክብደት ሚዛኑን እንዳልደፋ ታሪኩ አስቀድሞ እየነገረን ነው። ሚዛኑን የደፋው ጥላው ነው። ጥላ ደግሞ ክብደት የለውም። በሚዛን ላይ ክብደት የሌለው ነገር ሚዛን ሲደፋ ፣ ይህ የነጋዴ ሚዛን እንዳልሆነ ፣ ምሕረትም በመስፈሪያ እንደማይለካ አንባቢው ሊያስተውል ይገባዋል። «ሥራ ያድናል» ወይስ «ጸጋ ያድናል» እያሉ ለሚከራከሩ ሁለት ወገኖች ታሪኩ ለሁለቱም ሙሉ ድል አይሰጥም። ውሃው ባይኖር ጥላው የሚያርፍበት ነገር አይኖርም ነበር ፤ ጥላው ባይኖር ውሃው ቀሎ ይቀር ነበር።

ስለ ሁለተኛው ነቀፋ ፣ በታሪኩ ውስጥ ፈራጁ ማን እንደሆነ መመልከት ይበቃል። እመቤታችን ትለምናለች እንጂ አትፈርድም። ሚዛኑ እንዲቀርብ ያዘዘው ፣ ምሕረቱንም የሰጠው ጌታችን ነው። ደግሞም አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ለታናናሾቹ የሰጠ ዋጋው እንደማይጠፋበት የተነገረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው ፤ ለተጠማ ያጠጣ ለእርሱ ለራሱ እንዳጠጣ የሚቈጠር መሆኑ ደግሞ በምዕራፍ 25 ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 የምናነበው ወንበዴም በመጨረሻ ሰዓት በአንዲት ልመና ገነት ገብቷል። ስለዚህ በላዔ ሰብእ በጥቂት ነገር ዳነ ብሎ የሚሥቅ ሰው ሣቁን ወደ ወንጌሉ እንዳያሻግረው ሊጠነቀቅ ይገባል። ይህ ስንል ግን ነቀፋው ፍጹም መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም። ድኻው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሲለምን ተቈጥቶ ፣ ስለ ማርያም ሲለው መስጠቱ ሰሚውን ወደ ስሕተት ሊመራ ይችላል። አንድ ገበሬ ይህን ሰምቶ «እግዚአብሔር ሩቅ ነው ፤ እርሷ ግን ቅርብ ናት» ብሎ ቢሄድ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ አይደለም። ይህን ማቃናት የሰባኪው ሥራ ነው ፤ ሰባኪው ሁልጊዜ ይሠራዋል ለማለት ግን አንደፍርም።

ስለ ሦስተኛው ነቀፋ የምንለው ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። በታሪኩ ውስጥ የሚጸልየው ማን ነው? ብዙ ሰው በላዔ ሰብእ ይመስለዋል። በመንገዱ ላይ የእመቤታችንን ስም የጠራው ግን ድኻው ነው ፤ የጠራውም ገነት ለመግባት ሳይሆን ውሃ ለመጠጣት ነው። በላዔ ሰብእ በዚያች ሰዓት ያደረገው መስማት ብቻ ነው። እንግዲህ ስሙ ለጠሪው የይለፍ ቃል ሆነ ከማለት ይልቅ ለሰሚው የቆም ቃል ሆነ ማለት ይቀላል። ለማንም ያልራራ ሰው በአንድ የተጠማ ድኻ ልመና ፊት ቆመ። ጸሎት ማለት በዚህ ታሪክ አገባብ ከሰው ወደ ሰማይ ብቻ የሚሄድ ነገር አይደለም ፤ ከችግረኛ ወደ ጎረቤቱ የሚደርስ ጥሪ ነው። የጠሪው ጸሎት የሰሚው መዳኛ ሆነ።

፬. በቃል የሚነገረው ታሪክ

በጽሑፍ ካለው ሌላ በስብከትና በቃል የሚነገር መነሻ አለ። በዚህ አነጋገር መሠረት ሰውየው አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ የሚቀበል ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን በሥላሴ አምሳል እንግዳ ሆኖ መጣበትና ልጁን እንዲያርድለት አዘዘው ፤ እርሱም የእግዚአብሔር ትእዛዝ መስሎት አረደ ፤ አስቀምሰን ባሉትም ጊዜ ከልጁ ሥጋ ቀመሰ ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መብላት ልማድ ሆነበት።

ይህ መነሻ ለምን ተጨመረ? ሰሚው «ክርስቲያን የሆነ ሰው እንዴት እዚህ ላይ ደረሰ?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር መልስ ለመስጠት ይመስላል። በአንድ በኩል ታሪኩን አድክሞታል። ጥፋቱን ሰይጣን ላይ ስለሚጥል ሰውየውን ተታላይ ያደርገዋል ፤ ለተታለለ ሰው የሚደረግ ምሕረት ደግሞ አያስደንቅም። የጽሑፉ ታሪክ ግን ምንም ማመካኛ አይሰጠውም ፤ ምሕረቱም ስለዚህ ይገናል።

በሌላ በኩል ግን በቃል የሚነገረው አንድ ብርቱ ትምህርት ጨምሯል። ሰውየው የወደቀው ጸሎት አጥቶ አይደለም ፤ የሰማውን ድምፅ ሳይመረምር በመታዘዙ ነው። አብርሃም ልጁን ሲያቀርብ የእግዚአብሔር እጅ ከለከለው ፤ የዚህን ሰው እጅ ግን የከለከለው አልነበረም ፤ ከልካይ አለመኖሩም ብቻ ድምፁ የማን እንደሆነ ሊያስታውቀው በተገባ ነበር። በእግዚአብሔር ስም የሚታዘዝ ጭካኔ የእግዚአብሔር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ሰይጣን በእግዚአብሔር አምሳል መጥቶ ልጅ አሳረደ ፤ በኋላ ደግሞ ቍስለኛ ድኻ መጥቶ ውሃ ለመነ። ሰውየው የመጀመሪያውን እንግዳ በክብር ተቀብሎ ጠፋ ፤ ሁለተኛውን ሊበላው አስቦ ትቶት ዳነ። ሁለቱን እንግዶች ጐን ለጐን አቁመን ስናይ የቃሉ ታሪክ ከጽሑፉ ያላነሰ ጥበብ እንዳለው እንገነዘባለን። ስለዚህ ሁለቱን አንዱ በሌላው ሳይቀየጥ ለየብቻ ማጥናት ይገባል እንላለን።

፭. በዕለት ኑሮ

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም ፤ በአማርኛ ንግግራችን ውስጥ ገብቶ ይኖራል። «ዳነ» የሚለው ቃል ከበሽታ ለተፈወሰም ከኀጢአት ለተረፈም አንድ ነው። የታመመን «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን ፤ የሞተውን «ነፍሱን ይማር» እንላለን ፤ የወለደችውን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ሴት በምጥ ጊዜ በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ «ማርያም ፣ ማርያም» እያሉ ይጠራሉ። ይህን የሚሉ ሴቶች ስለ መዳን ትምህርት ቢጠየቁ መልስ ላይሰጡ ይችላሉ ፤ ነገር ግን መዳን ማለት ከሞት በኋላ የሚመጣ ነገር ብቻ ሳይሆን በዚህች ሌሊት ፣ በዚህች ጎጆ ውስጥ የሚለመን ነገር መሆኑን ያውቃሉ።

የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ሲዞር የሚጮኸው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው። ይህ ጥሪ ከበላዔ ሰብእ ድኻ ጥሪ ጋር አንድ ዓይነት ነው ፤ ስለ ስሟ ብላችሁ ስጡኝ ማለት ነው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፣ ቅኔውም ዜማውም ትርጓሜውም ፣ ለብዙ ምዕት ዓመታት የተመገበው ከዚህች ጥሪ ነው። ቍራሽ እንጀራዋን የሰጠችው እመቤት የሰጠችው ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለትምህርቱም ነው። እንግዲህ የተአምረ ማርያም አንዱ ፍሬ በብራናው ላይ ብቻ አይፈለግም ፤ በየደጃፉ ላይ በተዘረጉት እጆች ላይም ይፈለጋል።

ነገር ግን መልካሙ ነገር ሁሉ የሚበላሽበት መንገድ አለው። በየወሩ በ16 ሳንቲም የወረወረ ሰው በ17 በሚዛን የሚሰርቅ ከሆነ ፣ ከታሪኩ የወሰደው የድኻውን ጥም ሳይሆን የሚዛኑን መድፋት ብቻ ነው። ዝክር ዘክሮ ሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክልም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሰዎች ኪዳኑን እንደ ዋስትና ወረቀት ይዘውታል። በታሪኩ ውስጥ ግን በላዔ ሰብእ ውሃውን ሲሰጥ ሚዛን እንደሚቀርብለት አላወቀም ፤ ዋጋ አስቦም አልሰጠም። አስቦ የሰጠ ሰው የእርሱን ምሳሌ ሊጠቅስ አይችልም።

፮. የታሪኩ ጕድለት

እስካሁን ለታሪኩ የሚገባውን ሰጥተናል ብለን እናምናለን። አሁን ደግሞ ጕድለቱን እንናገር። ጕድለቱ ነቃፊዎቹ የሚሉት አይደለም። ጕድለቱ 78ቱ ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ስም የላቸውም ፤ ቃልም የላቸውም። የሚስቲቱ ጩኸት አልተጻፈም። የመጡት በቍጥር ነው ፤ የተመለሱትም በሚዛን ላይ እንደ ድንጋይ ክብደት ሆነው ነው። ውሃው ሲመዝን እነርሱ ቀለው ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሱ የሚጠይቅ የለም። ሰሚው ስለ በላተኛው መዳን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል ፤ ስለ ተበሉት የሚያዝን ግን ጥቂት ነው። ፍርድ የእግዚአብሔር ስለሆነ ነገራቸው ለእርሱ ተትቷል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ እውነት ነው ፤ ነገር ግን ለሞቱት የተተወውን ነገር ለበደለኛው ለምን አልተተወለትም? የእርሱ ፍርድ ከነሚዛኑ ተተርኳልና።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ጕድለት ብቻ ቢሆን ባላነሣነው። ታሪክን እየሰማ የሚያድግ ሕዝብ ዓይኑ ታሪኩ ወደሚያሳየው ወገን ይለምዳል። በደለኛው በመጨረሻ «ማሩኝ» ሲል ሁሉም ይራራል ፤ የተበደለው ወገን ግን «አንተም እርሳው» ይባላል። በየመንደሩ ሽምግልና ሲቀመጡ ይህን ያላየ የለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ መዳን ወደ ቤቱ በገባበት ቀን የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። በቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ንስሐ ያለ ቀኖና ፣ የቀማም ያለ መመለስ አይፈጸምም። በላዔ ሰብእ ለሞቱት ሊመልስ የሚችለው ነገር አልነበረውም ፤ ስለዚህ የራሱን ሥጋ በረኃብ ቀጣ። ዋሻው ይህ ነው። ሲበላ የኖረ ሰው ሳይበላ ሞተ። ታሪኩ ለ78ቱ ያለው መልስ ይህ ብቻ ነው ፤ እርሱንም በአጭሩ አልፎታል። ሰባክያንም ከታሪኩ ይልቅ ያሳጥሩታል። ሕዝቡ ውሃውን ያስታውሳል ፤ ዋሻውን ይረሳል። ሠዓሊዎችም ሚዛኑን ጐላ አድርገው ይሥላሉ።

፯. መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው የበላዔ ሰብእ ታሪክ የሚሣቅበት ተረት አይደለም ፤ ሳይመረመር የሚዋጥም አይደለም። ጐዶሎ ሥራ በምሕረት ሊሞላ እንደሚችል ፣ የተቸገረ ሰው ልመናም ለሰሚው የመዳን በር እንደሆነ ያስተምራል። በእነዚህ ነገሮች ከወንጌሉ ጋር አይጣላም። ነገር ግን የተበደሉትን በዝምታ አልፏቸዋል ፤ የንስሐውንም ክፍል አሳጥሮታል። ይህ ክፍት ቦታ በደለኛ የሚጠለልበት ዋሻ እንዳይሆን የሚሞላው ትርጓሜ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። ታሪኩ በሚነበብበትና በሚሰበክበት ቦታ ሁሉ ሦስቱም ነገሮች አብረው ይነገሩ ፤ ይኸውም የድኻው ጥም ፣ የዋሻው ረኃብ ፣ የ78ቱም ሰዎች ነገር። ውሃው ብቻ ሲነገር ትምህርቱ ይጐድላል። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችንም በየአገራቸው በቃል የሚነገሩትን የዚህን ታሪክ ልዩ ልዩ መልኮች ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ ቢሰበስቡልን ፣ ምናልባት በአንዱ መንደር ስለ ሚስቲቱና ስለ ልጆቹ የሚናገር ሰው ይገኝ ይሆናል። ቢገኝ ከብራናው ያላነሰ ዋጋ ያለው ምስክር ነው።